ጥቁር ናት፤ ግን…

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ‹‹ግን››ን የምታህል ነገረኛ የለችም። ‹‹ልጅቷ ጥቁር ናት፤ ግን ታምራለች›› ይባላል። ‹‹ጠቆር ትበል እንጂ ደም ግባቷ ልዩ ነው›› ይባላል። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያመሰገናት ነው የሚመስለው። ልጅቷ የምትሰማው ሌላ ነው። የቆዳዋ ቀለም እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ይቅርታ ተደርጎላታል።

ለዚህች ልጅ የሚታዘዝላት መድኃኒትም የታወቀ ነው። ‹‹አይዞሽ የኔ እናት፣ መልክ አይበላም፤ ዋናው የውስጥ ውበት ነው!›› እናት ትላለች፣ አክስት ትላለች፣ አዳራሽ ተከራይቶ ስለ ስኬት የሚያሠለጥነውም ይላል። አንድ ጥያቄ አለን። ዋናው የውስጥ ውበት ከሆነ ለቀይዋ ልጅ ለምን አይነገራትም? እሷማ ‹‹ታድለሽ!›› ነው የምትባለው። የውስጥ ውበት በእኛ ከተማ የውጩን ለተከለከለች ልጅ የሚሰጥ የለቅሶ ቤት ንፍሮ ሆኗል። ለማጽናናት ይታደላል፤ ለድግስ የሚያቀርበው የለም።

ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ‹‹ራስሽን ተቀበይ›› የሚለው ቃል ብቻውን ሲሰጥ ምክር ሳይሆን ማምለጫ ነው። ቤተሰቡም፣ ሰፈሩም፣ ቀጣሪውም ያልተቀበላትን ልጅ ‹‹አንቺ ብቻሽን ተቀበይው›› ማለት ሸክሙን በተሸከመችው ላይ መጨመር ነው። መጀመሪያ የጫነው ያውርድ።

‹‹ኧረ እኛ አገር የቀለም ነገር የለም፤ ሁላችንም ሐበሻ ነን›› የሚሉን አይጠፉም። ከሌለ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚለው መሰላል ከየት መጣ? ጨዋ ሰው እኮ ጥቁሯን ‹‹ጥቁር›› ላለማለት ‹‹ጠይም ናት›› ይላል። አንድ እርከን ከፍ ማድረጉ ነው፣ ለአክብሮት! ጨቅላ ሲወለድ ጤንነቱን ጠይቆ ሳይጨርስ ‹‹ቀይ ነው?›› የሚል ዘመድም ሞልቷል።

የመሰላሉ ታች ደግሞ ታሪክ አለው። በዚህች አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ወላጆች የኖሩበት ዘመን ነው። አዋጁ ባርነቱን ሻረ፤ ስድቡን አልሻረውም። ጥቁር ቆዳ ያለውን ሰው በዚያው በጥንቱ ስም መጥራት እስከ ዛሬ በየመንደሩ እንደ ቀልድ ያልፋል። ‹‹ጥቁር ናት፤ ግን…›› ሲባል ልጅቷ የምትሰማው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ አይደለም። ከኋላዋ የተሰለፈውን ሁሉ ነው።

ገበያው ይህን ቁስል ከማንም ቀድሞ አይቶታል። ‹‹ፌር ኤንድ ላቭሊ›› የተባለው ክሬም ሕንድ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ2020 ዓለም ስለ ዘረኝነት ሲጮህ አምራቹ ‹‹ቀላ ያለ›› ለማለት የገባችውን ‹‹ፌር››ን ፍቆ ‹‹ግሎው ኤንድ ላቭሊ›› አለው። ስሙ ተለወጠ፤ የሚሸጠው ምኞት ያው ነው። እኛም ጋ ቋንቋው ብልጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ‹‹ፊት ያጠራል›› ነው የሚባለው። የሚጠራው እኮ የደፈረሰ ነገር ነው! ጥቁረት መቼ ነው ድፍርስ የሆነው?

ዕቃው ውስጥ ያለውንም እንናገር። ቆዳ ያቀላሉ ተብለው በዓለም ገበያ በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ሦስት ነገሮች በተደጋጋሚ ይገኛሉ። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ከእርጉዝ እናት ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ‹‹ካሎሜል›› በሚል ስም ተጽፎ ሊገኝም ይችላል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት አንዳንዱን ፊት መልሶ ሰማያዊ በመሰለ ጥቁረት ያበላሸዋል። ሦስተኛው ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያፈላል፣ ሲያቆሙት ፊትን ያሳብጣል፣ ያቃጥላል። ደቡብ አፍሪካ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የሜርኩሪው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ደግሞ በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 ከምርትና ከንግድ እንዲወጣ ወስነዋል። ውሳኔው ጄኔቫ ተቀምጧል፤ ክሬሙ ስም በሌለው የፕላስቲክ ዕቃ ተቀላቅሎ በቲክቶክ ይሸጣል።

አስቡት እንግዲህ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ከዚህ ጨረር የሚከልለን ሜላኒን ነው፤ ማለትም ያ የሚናቀው ጥቁረት ራሱ። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቁጥር በቀይዋም በጥቁሯም ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት መጠንና ዓይነት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ሜላኒንን መፋቅ በሐምሌ ጣሪያ እንደ መንቀል ነው።

ጋዜጠኝነት ተምረን እንደወጣን ለስክሪን ፈተና የተጠራንበት ቦታ ነበር። የስቱዲዮው ስም ይቆይ። የተዘጋጀው የፊት ፓውደር ከመካከላችን ከጠቆሩት ቆዳ ሁለት እርከን የቀላ ነበር። ተቀባነው፤ አመድ መሰልን። ከዚያ ‹‹ካሜራው አልወደዳችሁም›› ተባልን። ካሜራ ምን በወጣው! ስለ ፓውደሩ አንድም ሰው አልጠየቀም። ወጥተን ዓመት ሙሉ የውስጥ ውበታችንን ብናሳድግ ፓውደሩ ይለወጥ ነበር?

‹‹የግል ምርጫዋ ነው፤ ምን አገባችሁ?›› የሚል መልስ ይመጣል። ምርጫ የሚባለው ሁለቱም መንገድ እኩል ሲከፈት ነው። ጠቁራ ለመታየት ገንዘቧን የምታፈስ ልጅ በዚህ ከተማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሮጥበትን ነገር ምርጫ አንለውም። የተቀባችዋን ልጅ ልንወቅስ አልተነሳንም። እሷ ሒሳቧን የሠራችው ካየችው ተነስታ ነው።

ሌላው የተለመደ መልስ ልያ ከበደ ናት። አዲስ አበባ የተወለደችው ልያ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር ገጽታ ስትሆን በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። እናከብራታለን። የሰፈራችን ልጅ ግን ሰው ሆና ለመታየት የኒው ዮርክ ኩባንያ ማኅተም መጠበቅ የለባትም። ደግሞስ ቆንጆ ያልሆነች ቀይ ልጅ እንዳለች ሁሉ ቆንጆ ያልሆነች ጥቁር ልጅም አለች እኮ! እሷም ሳትብራራ፣ ሳትጽናና መኖር መብቷ ነው።

ራስን ማሳደግ ከንቱ ነው አላልንም። ቋንቋ መማር፣ ሙያ ማካበት፣ ቁጣን መግራት፣ በራስ ገንዘብ ማደር ትልቅ ነገር ነው። ለቆዳ ካሣ ተብሎ ሲደረግ ነው የሚበላሸው። ‹‹ጥቁር ብሆንም ጎበዝ ነኝ›› የምትል ልጅ ያቺን ‹‹ግን›› ወደ ውስጧ አስገብታ አሳድራታለች።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ይጀመር። የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣ ‹‹መልከ መልካም›› የምትለዋን መስፈርት ይሰርዝ፤ የሚፈልገው ሙያ ከሆነ ሙያውን ይጻፍ። ስም የሌለው ክሬም የምትሸጥ ጓደኛ ካለችን ‹‹ውስጡ ምንድን ነው?›› እንበላት። ዘመድ ቤት ተቀምጠን ‹‹ጥቁር ናት፤ ግን…›› ሲባል ስንሰማም በትሕትና ‹‹እትዬ፣ ‹ግን› እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?›› ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ቤቱ ዝም ይል ይሆናል። ዝም ይበል።