የ«አይዳ» ምርኮኞች

የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» እንደገና ለመድረክ በታሰበ ቁጥር ሁለት ወገኖች ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን የታላቁን ሊቅ ሥራ እንደ ታቦት ቆጥሮ «እጅ አይንካው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዘፋኟ ፊቷን ጥቁር ቀለም መቀባቷን ከተወች ኦፔራው ዘመናዊ ሆነ ብሎ ያርፋል። ቀለሙ መቅረቱስ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምርኮኛው ያው ምርኮኛ፣ አጨብጫቢውም ያው አጨብጫቢ ከሆነ ምኑ ታደሰ?

ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ፣ በግብፅ ቤተ መንግሥት ግን ባሪያ ናት። ኦፔራውን ያዘዘው ከዲቭ እስማኤል ነው፤ ታሪኩን የነደፈው በእርሱ አገልግሎት የነበረው ፈረንሳዊ የጥንታዊት ግብፅ ሊቅ ኦጉስት ማሪየት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1871 ታየ። የኢትዮጵያ ምርኮኞች በመለከት ድምፅ እየተነዱ በድል አድራጊው ፊት አለፉ። አራት ዓመት ሳይሞላ የዚያው ከዲቭ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ፤ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል ተመታ። (ለዚህኛው ገቢር ሙዚቃ የጻፈ የለም!) እንግዲህ ይህን ሥራ የጥንት ዘመን ተረት ነው ብሎ ማለፍ የሚቻለው ታሪክን ለማያውቅ ብቻ ነው።

ቬርዲን በጅምላ የሚኰንኑም ተሳስተዋል። በሦስተኛው ገቢር፣ በዓባይ ዳር፣ አባቷ አሞናስሮ ጠላት በቤታቸውና በመቅደሳቸው ላይ ያደረሰውን ግፍ ለአይዳ ያስታውሳታል፤ ዜማው ለተሸነፈው ወገን ክብር ይሰጣል። አዘጋጆች ግን ይህን ቸኩለው አልፈው ገንዘባቸውን በፈረስና በሠረገላ ይጨርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ፍራንክፈርት ላይ ሃንስ ኖይንፌልስ አይዳን የጽዳት ሠራተኛ አድርጎ ሲያቀርባት ታላቅ ረብሻ ተነሣ። ድፍረቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አይዳ የየትም ከተማ ጭቁን ሴት ስትሆን አገሯ ይጠፋባታል፤ አገሯ ከጠፋ ደግሞ በአባቷና በፍቅረኛዋ መካከል የሚቀደደው ልቧ ምክንያት ያጣል። ኢትዮጵያዊነቷ ጌጥ አይደለም፤ የተውኔቱ ግጭት ራሱ ነው።

ለዚህም አዲስ ድርሰት አያሻም። በሁለተኛው ገቢር የድሉ ሰልፍ ሲጀመር መብራቱ በምርኮኞቹ ፊት ላይ ይዋል፤ ሠራዊቱ ከኋላቸው በጥላ ይለፍ። ከቬርዲ ኖታ አንዲቱም አትነካም፤ ተመልካቹ ግን መለከቱን በሚነዱት ሰዎች ጆሮ ይሰማዋል።