ኮምፒውተር ሲለወጥ የሚረሳው ፋይል

በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ ጀምሮ በገለምሶና በመቻራ ያሉ ብዙ ነጋዴዎች ዛሬ ደብዳቤያቸውንም ሒሳባቸውንም የሚያሠሩት በኮምፒውተር ነው። መሣሪያው ሲበላሽ ወይም በአዲስ ሲተካ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ሒሳቡ ተርፏል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡ ሳይጎድል ተርፎ ሥራው ለቀናት የሚጓተትበት ምክንያት አለና።

ወርድ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራምና ኤክሴል በሚባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ገጽ ራስ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ትናንሽ ቁልፎች ቱልባር ይባላሉ። ፕሮግራሙ ሲገዛ ቁልፎቹ ለማንኛውም አገር ሠራተኛ እንዲስማሙ ሆነው የተደረደሩ ናቸው። የመቻራ ቡና ነጋዴ ጸሐፊ ግን ሥራው የታወቀ ነው። ኪሎውን ለ17 አካፍሎ በፈረሱላ የሚያወጣ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ የጭነቱን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ወደ ማተሚያው የሚልክ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ደብዳቤ ሲከፍት የአማርኛው ፊደል በሚፈልገው መጠን፣ ወረቀቱም በኤ4 ልክ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ይሻል። የማይጠቀምበትንም ከፊቱ ያነሣል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አያደራጀውም፤ ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት ያከማቸዋል፣ እጁም ዓይኑ ሳያይ እስኪያገኘው ድረስ ይለምደዋል።

በቀድሞው የጽሕፈት መኪና የኅዳጉና የዓምዱ ልክ የሚያዘው በመኪናው በራሱ ብረት ላይ ነበር፤ ኦሊቬቲውን የተሸከመ ልኩንም አብሮ ይሸከም ነበር። በኮምፒውተር ነገሩ እንዲህ አይደለም። የቱልባሩ አደረጃጀት በደብዳቤው ውስጥ የለም፤ ከነጋዴው በተገዛው ፕሮግራም ውስጥም የለም። የሚጻፈው በሦስተኛ ቦታ፣ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ባሉ ጥቂት ፋይሎች ላይ ነው። በዊንዶውስ ይህ ቦታ «አፕዳታ» ይባላል። ዊንዶውስም ይህን ፎልደር ካልታዘዘ በቀር ለዓይን አያሳየውም።

የፋይሎቹ ስም በየጊዜው ተለዋውጧል። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. እትም ድረስ ወርድ የቱልባሩን አደረጃጀት «ኖርማል» በሚባለው የአብነት ፋይል ውስጥ ሲያኖር፣ ኤክሴል ደግሞ ለብቻው «ኤክስ ኤል ቢ» የሚል ቅጥያ ባለው ፋይል ያኖር ነበር። በ2007 እትም የጥንቱ ቱልባር ቀርቶ ሪበን የተባለው ሰፊ መደብ ተተካ። ከ2010 እትም ወዲህ ተጠቃሚው በሪበኑም ሆነ በአጠገቡ ባለው የፈጣን ትእዛዝ መስመር ላይ የሚያደርገው ለውጥ «ኦፊስ ዩአይ» የሚል ቅጥያ ባለው ፋይል ይጻፋል። «ኖርማል» የተባለው አሁንም አለ፤ ለአዲስ ደብዳቤ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የኅዳጉንና የወረቀቱን ልክ የሚሰጠው እርሱ ነው። በነጻ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስን የሚጠቀሙም ቢሆኑ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሚከፍተው ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ፋይሎች አሉአቸው። የሚያስገርመው ትንሽነታቸው ነው፤ «ኦፊስ ዩአይ» ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ተከፍቶ ይነበባል።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ወደ ጠጋኝ ሲላክ ምን ይሆናል? ባለሙያው በዴስክቶፕና በዶኩመንትስ ላይ ያለውን በፍላሽ ይገለብጣል፤ መሣሪያውን ፎርማት ያደርጋል፤ የገለበጠውን ይመልሳል። የተሰወረውን ፎልደር እንዲወስድ ማንም አላዘዘውምና ሊወቀስ አይገባም። የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ በሚጠብቅበት በቡና ወራት ይህ ቢሆን ግን ጸሐፊው በባዕድ ገበታ ፊት ይቀመጣል። ፈረሱላውን በእጁ ያካፍላል፤ ሲቸኩልም አኃዝ ይስታል፤ የተሳተውን አኃዝ ደግሞ የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቋረጠ፣ መሣሪያ የሚለውጥ ወይም ፎርማት የሚያስደርግ ጽሕፈት ቤት ስለሚበዛ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቁልፍ ማሰናዳት የጸሐፊ ቅንጦት ነው፣ እንደተገዛ ይቀመጥ የሚሉ አሉ። ሦስትና አራት ሰው በተራ በሚቀመጥበት መሣሪያ ላይ ይህ አነጋገር እውነትነት አያጣም። አንድ ጸሐፊ ከጧት እስከ ማታ በሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ግን የተሰናዳው ገበታ እንደ ሚዛኑና እንደ ማኅተሙ የድርጅቱ ዕቃ ነው። ጸሐፊው ሥራ ሲለቅ የመዝገቡን ቁልፍ የሚያስረክብ ከሆነ ይህንም ፋይል ቢያስረክብ ምን ነውር አለበት? ብዙ ባለቤቶች ግን መኖሩንም ስለማያውቁ አይጠይቁትም።

አጠባበቁ ከባድ አይደለም። ከ2010 እትም ወዲህ ባሉት ወርድና ኤክሴል፣ «ኦፕሽንስ» ከተባለው ውስጥ ሪበን ማስተካከያው ሲከፈት «ኤክስፖርት» የሚል ትእዛዝ ይገኛል፤ አደረጃጀቱን በአንድ ፋይል ያወጣዋል። ያ ፋይል ከሒሳቡ ግልባጭ ጋር በአንድ ፍላሽ ይቀመጥ፤ «ኖርማል»ም አብሮ ይገልበጥ። ወርድ በ«ኖርማል» ላይ የተደረገውን ለውጥ በተለምዶ የሚጽፈው ሲዘጋ ስለሆነ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ የዚያን ቀን ማስተካከያ ሊያስቀር ይችላልና ፕሮግራሙን በሥርዓት ዘግቶ መክፈት ይበጃል።

ሁለት ነገር ግን ያሳስታል። ፈረሱላ የሚያካፍለው ቁልፍ ማክሮ በሚባል የትእዛዞች ስብስብ የሚሠራ ከሆነ፣ በኤክስፖርት የሚወጣው የቁልፉ ሥዕልና ስሙ ብቻ ነው፤ ማክሮው ራሱ በኤክሴል ብዙውን ጊዜ «ፐርሰናል» በተባለ ሌላ ፋይል ስለሚኖር እርሱ ካልተገለበጠ ቁልፉ ቢጫኑትም አይሠራም። ደግሞም የወጣውን ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲያስገቡት በዚያ የነበረውን አደረጃጀት ሽሮ ይተካል። ስለዚህ መቻራ የተሰናዳውን ገበታ በጭሮ ላለው ቅርንጫፍ ለመስጠት የሚያስብ ነጋዴ፣ አስቀድሞ የጭሮውን ጸሐፊ አደረጃጀት አስወጥቶ ለብቻው ያስቀምጥ።