ጎብኚ ራሱ የሚለቅመው ምርት፤ ከአሰቦት እስከ ገለምሶ

ጎብኚዎች ፍሬ በእጃቸው ለቅመው፣ አስመዝነውና ከፍለው የሚወስዱበት እርሻ በሌሎች አገሮች የአርሶ አደሩን የለቀማና የማጓጓዣ ወጪ የሚቀንስ የገበያ ዘዴ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ለዚህ የሚቀርበው ሰብል ቡና ነው።

አሰቦት በቆላማው የሚኤሶ አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ ቡናው የሚለማው በጭሮና በገለምሶ ዙሪያ ባሉ ከፍታዎች ነው። ይሁንና ከተማዋ የእንግዶች መተላለፊያ ናት። የአሰቦት ሥላሴ ገዳም ምዕመናንን ይስባል፤ ጥር 7 ቀን የሚከበረው የሥላሴ በዓልም ከቡና ለቀማ ወቅት መገባደጃ ጋር ይቀራረባል።

ችግሩ የጥራት ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብ የጠየቀችበት የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ በቀይነቱ የተለቀመ ፍሬ ይሻል። ልምድ የሌለው እንግዳ አረንጓዴውን ከቀላቀለ ጉዳቱ ለአርሶ አደሩ ይተርፋል።

ስለሆነም ለእንግዳ የሚፈቀደውን ማሳ ለይቶ መከለል፣ አስለቃሚ መመደብና ዋጋውን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። የግብርናና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ፈቃደኛ አርሶ አደሮችን ከነለቀማ ወቅታቸው ቢመዘግቡ፣ የመንገዱም ጸጥታ ቢረጋገጥ፣ ከጫት ጋር መሬት ለሚሻማው ቡና ተጨማሪ ገቢ ይገኝለታል።