የቆመውን ፕሮግራም ከማፍረስ በፊት



በምሠራበት የንግድ ቤት የዕቃው መግቢያና መውጫ የሚመዘገብበት ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ስለዚህም አሠሪዬ ለንግድ ወደ ክፍለ ሀገር በወጡ ጊዜ፣ በመጋዘን ስንት ጣቃ አቡጀዲ እንደ ቀረ ለማወቅ ስልክ ደውለው እኔን ይጠይቃሉ። ምክር የጠየቅናቸው ባለሙያዎች፣ አሮጌው ተጥሎ ለብራውዘር የሚሆን ሌላ ፕሮግራም ከመሠረቱ ይሠራ አሉን። እኔ በዚህ አልስማማም።

ፕሮግራማችን በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ መስኮቱንና ሰንጠረዡን የሚያዘጋጅለት ኪዩት የተባለው ፍሬምወርክ ነው። ይህን የመሰለው ሥራ ወደ ብራውዘር የሚገባበት መንገድ ከተከፈተ ሰንብቷል። ዌብአሴምብሊ የተባለው ኮድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 በታላላቆቹ ብራውዘሮች ሁሉ መሥራት ጀመረ፤ በ2019ም ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ኪዩትም በዚያው ዓመት ከ5.13 እትሙ ጀምሮ ተቀበለው። በ1982 ለገበያ የቀረበው የንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ እንኳ፣ የብዙ ዓመት ኮዱን ሳይጥል በ2018 በዚሁ ዘዴ ብራውዘር ውስጥ ገብቷል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለ ድካም የሚገኝ አይደለም። በብራውዘር ውስጥ ያለ የኪዩት ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን የፊደል ቅርጾች ሁልጊዜ ሊጠቀምባቸው አይችልም፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ይዞ ቢመጣ ይሻላል። የግዕዝ ፊደል አብሮት ካልታሸገ የደንበኞቻችን ስም በባዶ ሳጥኖች ሊተካ ይችላል፤ ስሙ በሳጥን የተመዘገበ ባለ ዕዳ ደግሞ ለመክፈል የሚቸኩል አይመስለኝም። በአማርኛ መጻፉም ለብቻው ሊፈተን ይገባል። ከዚህም ሌላ ብራውዘሩ ፕሮግራሙን በዲስክ ላይ ያሉትን ፋይሎች እንደ ልቡ እንዲከፍት ስለማይፈቅድለት፣ መዝገቡ ወደ ሰርቨር መዛወር አለበት። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሲከፈት ብዙ ሜጋባይት ማውረዱም በስልክ ለሚጠቀም ሰው ወጪ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሒሳቡን ስሌት ሁሉ እንደ አዲስ ከመጻፍና ስሕተቱን እንደ አዲስ ከመልቀም ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

አሠሪዬም ሐሳቡን ተቀብለው፣ ባለሙያዎቹ የደረሰኙን ገጽ ብቻ አስቀድመው ለሙከራ እንዲያቀርቡ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘውኛል። ከደብዳቤው ጋር ዐሥር የደንበኞች ስም አያይዣለሁ፤ ሆን ብዬም «ጐ» እና «ኰ» ያለባቸውን መርጫለሁ።