በአባት ቤት ያረጀ ልጅነት

በከተሞቻችን፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ፣ ትምህርቱን በማዕረግ ፈጽሞ፣ ሥራ ይዞ፣ ዕድሜውም ወደ ሠላሳ ተጠግቶ ሳለ፣ ሸሚዙን ሌላ ሰው የሚያጥብለት፣ የመብራት ሒሳብ የት እንደሚከፈል የማያውቅ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አንዲት ማስረጃ ለማውጣት እንኳ አባቱን አስቀድሞ የሚሄድ ሰው ማግኘት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ይህን ሰው ሰነፍ ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ርትዕ አይሆንም፤ አለመቻሉ ከገዛ ጠባዩ የፈለቀ ሳይሆን፣ እንቅፋት እንዳይመታው፣ ፀሐይ እንዳይነካው እየተባለ ብዙ ዘመን በፍቅር የተሠራ የወላጆቹ ሥራ ነውና።

ስለ ማን እንደምናገር አስቀድሞ መለየት ይገባል። የቤት ኪራይ ከደመወዙ ስለሚበልጥበት ከወላጆቹ ጋር የሚኖረውን፣ ወይም ያረጁ አባትና እናቱን ለመጦር ሲል የራሱን ጎጆ ያዘገየውን ሰው ይህ ነቀፋ አይመለከተውም፤ እንዲህ ያለው ሰው በአባቱ ጣራ ሥር ቢያድርም ኃላፊነትን የተሸከመ ሙሉ ሰው ነው፤ ወላጅን መጦርም ምርቃት የሚያስገኝ ምግባር ነው። ነገሬ ቤት ሲጦረው ኖሮ ቤት ማስተዳደርን ስላልተማረው ሰው ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት የሞላውን ሰው ከሞግዚት ሥልጣን ነጻ ያወጣዋል፤ ውል ይዋዋላል፣ ንብረት ያስተዳድራል፣ ትዳር ይመሠርታል። ልማዳችን ግን ልጅ ከወላጆቹ ቤት በክብር የሚወጣበትን በር አንድ ብቻ አድርጎታል፤ እርሱም ጋብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ብቻውን ሊኖር ያሰበ ወንድ ከቤተ ሰቡ የተጣላ ይመስላል፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ስሟ ከመንደሩ አፍ አይወርድም። በመጨረሻም ራሳቸውን ማስተዳደር ያልለመዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ጎጆ ይገናኙና፣ አስቀድመው ለየብቻቸው ሊማሩት ይገባቸው የነበረውን ሁሉ እርስ በርስ እየተወቃቀሱ ይማሩታል።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። አባቶቻችን ፍቅረ ውሉድ ያነሳቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ሆኖም ዳዊት የደገመ ልጃቸው ገና ጢም ሳያበቅል ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ድጓ ፍለጋ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዲማ ሲሄድ እያዘኑም ቢሆን መርቀው ይሸኙት ነበር። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን በገዛ እጁ እየቀለሰ፣ የዕለት ጉርሱን በየደጁ እየለመነ፣ ከእርሱ በታች ያለውን እያስቀጸለ ሲኖር፣ ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ፣ ትዕግሥትንና ከሰው ጋር መኖርን ከኑሮው ተቀበለ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ በማያውቁት ከተማ አስተማሪ ሆነው፣ በማያውቁት ሕዝብ መካከል ራሳቸውን ችለው ከረሙ። የቀድሞው ረሀብና በሽታ ይመለስ የሚል የለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥርዓቶች ለወጣቱ ከጋብቻ ሌላ የተከበረ መውጫ ከፍተውለት ነበር፤ ዛሬ የጎደለን ይኸው ነው።

በወንጌል ስለ ጠፋው ልጅ የተነገረውን ምሳሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ከመውጣት ለመከልከል ይጠቅሱታል። ሆኖም አባትየው ድርሻዬን ስጠኝ ያለውን ታናሽ ልጁን እንዳልከለከለ፣ ታላቁም ልጅ ከቤት ሳይወጣ፣ የአባቱ ሀብት ሁሉ የእርሱ መሆኑን ሳያስተውል፣ አንድ ጥቦት እንኳ አልተሰጠኝም እያለ በቅሬታ መኖሩን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በቤት መኖር ብቻውን ሰውን ባለቤት አያደርገውም።

ወላጆች በበኩላቸው ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉድለቱ በእናት ቤት ሲሆን እናት ትሞላዋለች፤ ከእናት ሞት በኋላ ሲሆን ማን ይሞላዋል? ስለዚህ ነጻነት ቀስ በቀስ የሚተላለፍ ሥልጣን ይሁን። የወሩን አስቤዛ ገንዘብ አስረክቡት፤ ጤፉንም ራሱ ገዝቶ ያስፈጭ፤ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ቢያልቅ ግን ጉድለቱን ፈጥናችሁ አትሙሉለት። በእድሩ ስብሰባ ስለ ቤቱ እርሱ ይቁም፤ ለቅሶም ይድረስ። ቤት ሲከራይ ውሉን ራሱ አንብቦ ይፈርም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መደንገጉን ከአባቱ አፍ ሳይሆን ከአዋጁ ይወቅ። ወንዱ ልጅ ገበያውን እያወቀ ምድጃውን ሳያውቅ፣ ሴቷም ምድጃውን እያወቀች ስለ ውልና ስለ ንብረት ሳይነገራት ያድጋሉና፣ ለእያንዳንዳቸው የተነፈጋቸውን አስቀድሞ መስጠት ይገባል።

ልጆችም ቢሆኑ ራስን መቻልን ከዘመድ መራቅ አድርገው ማየት አይገባቸውም፤ ለራሱ መቆም የቻለ ሰው ለወላጁ ምርኩዝ ይሆናል፤ ያልቻለው ግን በእርጅናቸው ጊዜ ሸክም ይሆንባቸዋል። ወላጅ ሟች ነው፤ ሲሞትም ቤቱንና ገንዘቡን ሕጉ ለወራሹ ያስተላልፍለታል። ቤቱን የሚያስተዳድርበትን ጥበብ የሚያወርስ ፍርድ ቤት ግን የለም፤ ወራሹ እርሱን የሚቀበለው አውራሹ በሕይወት ሳለ ብቻ ነው።