ለአሮጌ ፒካፕ የትኛው የአየር ማጣሪያ ይሻላል? በየሳምንቱ ማስነፋቱስ ይጠቅማል?

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ነው። ዛሬ ስለ መኪና ላውራ። ከግብርና የወጣሁ የመሰለው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ሽንኩርትና ቲማቲም የምታመርቱ ታውቁታላችሁ፤ ገንዘብ የሚሆነው ማሳ ላይ ያለው ሳይሆን ገበያ የደረሰው ምርት ነው። የሚያደርስልን ደግሞ በአብዛኛው 20 እና 30 ዓመት ያገለገለ የናፍጣ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው። ለብቻው የገዛ አለ፣ ከወንድሙ ጋር ተጋርቶ የገዛ አለ፣ ዕቁብ ወጥቶለት የገዛ አለ። ያ ሞተር አንድ ሳምንት ቢተኛ ቲማቲሙ አይጠብቀውም።

አቋሜን መጀመሪያ ላይ ልናገር። ለአሮጌ ፒካፕ የሚሻለው የአየር ማጣሪያ ውዱ ወይም ስሙ የገነነው ሳይሆን ልኩ የሆነው ተራ የወረቀት ማጣሪያ ነው (ጋራዥ ስትሄዱ ዲፕራተር የምትሉት ማለቴ ነው)። ልኩን ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ እየፈታችሁ ማስነፋቱን ተዉት። ይሄ ሁለተኛው ብዙዎቻችሁን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ምክንያቴን አንብቡና ከዚያ ተከራከሩኝ።

ሞተር የሚጠጣው ናፍጣ ብቻ አይደለም። 1 ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ቢያንስ 10 ሺህ ሊትር አየር ይፈልጋል፤ በ200 ሊትር በርሜል ብትሰፍሩት 50 በርሜል ማለት ነው። ከቀበሌ እስከ ወረዳ ከተማ ባለው የጠጠር መንገድ፣ ከፊታችሁ አይሱዙ እየሄደ፣ ያ ሁሉ አየር ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በብዛት ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው፤ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይጠነክራል። ከዘይት ጋር ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ይሠራል። የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የሚታየው ሳይሆን ከፀጉር ውፍረት ብዙ እጥፍ የሚያንሰው ብናኝ ነው። በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር መካከል ባለው ስስ ዘይት ውስጥ ይገባና ሁለቱንም ይፍቃቸዋል። ከዚያ ፋሻው ይላላል፣ መኪናዋ ዘይት መብላት ትጀምራለች፣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ በመጨረሻ ሞተር ይወርዳል።

«አሮጌ ሞተር ነው፣ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። አዲስ ሞተር ትንሽ ቢፋቅም የሚችልበት አቅም አለው። አሮጌው ግን የቀረችው ትንሽ ናት፤ ያቺን ትንሽ ነው የምንጠብቅለት። ሞተር ለማሳደስ የሚጠየቀው ገንዘብ ስንት ማጣሪያ እንደሚገዛ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

አሁን ወደሚያከራክረን ልምጣ። በገበያ ቀን ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ «ማጣሪያዋን ንፋልኝ» ማለት ልማድ ሆኗል። ንጽሕና መውደድ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር 7 እና 8 ባር ግፊት አለው፤ የተሠራው ለጎማ ነው። ወረቀቱ ከ2 ባር በላይ ሲነፋበት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ማጣሪያው ንጹሕ ይመስላል እንጂ አያጣራም። ሁለተኛ፣ ማጣሪያ ትንሽ አቧራ ሲይዝ የበለጠ ያጣራል። ጠላ በጨርቅ ስታጠሉ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍረስ ያለ ነው፤ አተላው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ እየጠራ ይሄዳል። የአየር ማጣሪያም እንደዚያው ነው። ሦስተኛ፣ ቤቱን በከፈታችሁት ቁጥር ክዳኑና ጠርዙ ላይ የተኛው አቧራ ወደ ንጹሑ በኩል ሊወድቅ ይችላል፤ ላስቲኩም አንድ ቀን ተጣሞ ይገጠማል። ጎማ ላይ ማንኳኳቱማ ይቅር፤ ጠርዙን ያጣምመዋል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብም ወረቀቱንና ማጣበቂያውን ይጎዳል።

እና መቼ ይከፈት? የሞተር ዘይት በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ አብራችሁ እዩት። በበጋ፣ በተለይ ምርት በሚጓጓዝበትና አውድማ አካባቢ በምትመላለሱበት ወራት፣ በመካከል አንዴ ጨምሩ። የጤፍ እብቅ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ሲወቃ መኪናዋን ነፋሱ እብቁን በማያመጣበት በኩል አቁሟት። መንፋት የግድ ከሆነ ግፊቱን አስቀንሱ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይነፋ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ ግን ይቀየር። ከነፋችሁት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ የስልካችሁን መብራት ማጣሪያው ውስጥ አድርጉና ዙሪያውን ተመልከቱ። ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ እኩል ደብዘዝ ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ ካያችሁ ተቀዷል፤ ጣሉት።

ወደ ግዢው እንሂድ። ሱቅ ገብታችሁ «የሃይሉክስ ማጣሪያ ስጠኝ» አትበሉ። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ፒካፖች አንዷ 2ኤል፣ ሌላዋ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ሊኖራት ይችላል፤ 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ሞተሩም የማጣሪያው ቤትም ከሌላ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ብዙ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ኮፈኑ ሥር ካለው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ማጣሪያ ይዛችሁ ሂዱ። መያዝ ካልቻላችሁ ከፍታውን፣ የውጭ ስፋቱንና የውስጥ ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩና ጻፉት፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥርም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የቶዮታ የአየር ማጣሪያ ቁጥር በ17801 ይጀምራል፤ የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባለ ሱቁ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ብቻ አይቶ «ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም።

የካርቶኑ ላይ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስም ማተም ቀላል ነው። ማጣሪያውን ከካርቶኑ አውጡና በእጃችሁ ያዙት። እጥፋቶቹ እኩል ተራርቀው የቆሙ ናቸው ወይስ አንድ ቦታ ተጣብቀው ሌላ ቦታ ተበታትነዋል? ወረቀቱ ከጠርዙ ጋር በማጣበቂያ ዙሪያውን ተይዟል ወይስ ክፍተት አለ? ላስቲኩን በጣታችሁ ስትጫኑት ይመለሳል ወይስ እንደ ደረቅ ቆዳ ይሆናል? እዚያው የስልካችሁን መብራት አብሩበት። ባለ ሱቁ ቢቆጣ ግድ የለም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ይህን ፈተና ካለፈ ዋጋው መካከለኛ ቢሆንም ግዙት። ካላለፈ ኦሪጅናል ነው ቢባልም መልሱት።

«እየታጠበ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» የሚባለውን ዘይት የሚቀባ የጥጥ ማጣሪያ የሚጠይቁኝ አሉ። ለእኛ መንገድ አልመክረውም። አየር በደንብ ያሳልፋል፤ እኛን የሚያሰጋን ግን የአየር ማነስ ሳይሆን የአቧራ ብዛት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ብናኝ ያልፋል፣ ሲበዛ ወደ ሞተር ይሳባል። አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ፣ በልኩ ዘይት መቀባት በሥራ ወቅት ለማን ይመቻል?

ደህና ማጣሪያ ገዝቶ ያላለቀ ሥራ አለ። ከማጣሪያው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፍቱና ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ አየሩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው፦ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ ክዳኑ ተጣሟል። በአሮጌ ፒካፕ ላይ ከማጣሪያው ይልቅ በብዛት የሚያጣላን ይሄ ይመስለኛል። ቀዳዳው ሳይደፈን አሥር ማጣሪያ ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም። የማጣሪያው ቤት ከሥሩ አቧራ የሚያራግፍ ትንሽ የላስቲክ ከንፈር ካለው መኖሩንና አለመቀደዱን እዩ።

«ማጣሪያውን ሳወጣው ዳገቱን በደንብ ወጣች» ለሚሉም መልስ አለኝ። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ ደግሞ ሩብ ያህል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ደጋ ላይ ጭነት ይዞ ቢደክምና ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የማጣሪያ አይደለም። አዲስ ማጣሪያ ገብቶም ከጨሰ የናፍጣ ፓምፑንና ኢንጄክተሩን አስመርምሩ። ያለ ማጣሪያ መንዳት ግን የዛሬን ዳገት ለመውጣት የነገን ሞተር መብላት ነው።

ከተማ ሩቅ ነው፣ ዕቃውም አይገኝም የምትሉት እውነት ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ ማሰብ የሚሻለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ምርት ተጭኖ እያለ የተገዛ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ልክ ያልሆነው ነው። መኪና ያላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ልካችሁን ጻፉና መከር ከመግባቱ በፊት በአንድ ሰው አስመጡ። አንድ ትርፍ ማጣሪያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ። ክረምት ወንዝ ስትሻገሩ ማጣሪያው ውኃ ከነካው የረጠበ ወረቀት አየር አያሳልፍም፣ ይቀደዳልም፤ ያኔ ትርፉ ያድናችኋል።

መኪና የሌላችሁም አታልፉት። ለመስኖ የምትጠቀሙባት የቤንዚን ፓምፕም የአየር ማጣሪያ አላት። የእሷ ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ይነካና ተጨምቆ ይመለሳል። ተቀዶ ከሆነ በፍራሽ ስፖንጅ አትተኩት፤ ቤንዚንና ዘይት ሲነካው ተበጣጥሶ ወደ ሞተሩ ሊሳብ ይችላል።

ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ኮፈኑን ክፈቱና የነጩን ጨርቅ ፈተና ሞክሩ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ዝጉትና ወደ ሥራችሁ። አቧራ ይዞ ከወጣ ግን ከማዳበሪያውም ከዘሩም በፊት የዚህ ሳምንት ሥራችሁ እሱ ይሁን። ሰላም ሁኑ።