ብሊትዝ፦ የመብረቁ ቃል

«ብሊትዝ» በጀርመንኛ መብረቅ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን ቃል «የመብረቅ ጦርነት» ከሚለው ስያሜ ቆርጠው ያስቀሩት ከሰማይ እሳት ሲወርድባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1940 እስከ ሜይ 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተሞቻቸውን ሲደበድቡ ከ40,000 በላይ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ።

ዛሬ ፈጣን የቼዝ ግጥሚያም፣ የማስታወቂያ ጋጋታም «ብሊትዝ» ይባላል። እኛስ «ዘመቻ»ን ለጽዳትና ለክትባት አውለነው የለም? በዚህ አልከፋም፤ የጦር ቃል ለሰላም ሥራ ሲያድር ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ቃሉ ሲለዝብ ሐዘኑም አብሮ መልዘቡ ነው። ጦርነት ጨዋታ መስሎ የሚታየን ያን ጊዜ ነውና።

እንግዲህ በቃሉ እንጠቀም፤ ልጆቻችን ትርጉሙን ሲጠይቁን ግን ከቼዙ ሰሌዳ በፊት ስለ ፈረሰው ቤት እንንገራቸው።